ቀይ ነጥብ የነበራት ቁልፍ

«አክስቴ፣ ለዚያ ሳጥን የሸጥሽው ጓጉንቸር... ቁልፉን ያልያዘ ሰው ሊከፍተው ይችላል?»

ረቡዕ ጠዋት ነው። ጠያቂዋ የእትዬ ቁልፍ የወንድም ልጅ ናት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አንዱን ብርድ ልብስ አጥፋ፣ ፈታ፣ እንደገና እያጠፈች ነበር የጠየቀችው። አክስቷ ጫማዋን እያሰረች ነበር። እሷን ስለ ጓጉንቸር መጠየቅ እናትን ስለ በኩር ልጇ እንደ መጠየቅ ነው፤ ሥራ ቢረፍድባትም ቀና አለች። «ማ? የኔን ዕቃ?» ብላ ሳቀች። «ቁልፉ በእጁ ከሌለ የሠራው ፋብሪካ ራሱ አይከፍተው! እሱን የሚከፍት ሌባ ገና አልተወለደም።» ልጅቷ «እሺ» አለች። ብርድ ልብሱንም ለሦስተኛ ጊዜ አጠፈችው።

እትዬ ቁልፍ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ባሏ ሲሞት የቁልፍ መቅረጫ ማሽኑን ትቶላት ነበርና፣ ዘመድ ሁሉ «ሽጪው» ሲላት እሷ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን፣ ደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ቦታ ወንበሯን ዘርግታ ተቀመጠች፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ። ሙያውን የወደደችው ለእንጀራው ብቻ አይደለም፤ ነገር ማወቅ ትወዳለች። ሰው ቁልፍ ያለ ምክንያት አያባዛም። አንዱ ተከራይ ሊያስገባ ነው፣ አንዷ ከባሏ ተጣልታ ነው፣ ሌላው እናቱ መርሳት ጀምራበት ነው። ደንበኛው ራሱ ካልተናገረ ትጠይቀዋለች፤ ካልመለሰላት ትገምታለች፤ ግምቷም ብዙ ጊዜ አይስትም። ሁለት ሕግ ብቻ ነበራት። በሳሙና ላይ ታትሞ የመጣ ቁልፍ አትቀርጽም፤ ባለቤቱ በሌለበትም ጓጉንቸር አትከፍትም። «ቁልፍ ይዞ የመጣ ባለቤት ነው፣ ሳሙና ይዞ የመጣ ሌባ ነው» ትላለች፤ በዚህች አባባሏ ትኮራ ነበር፣ እስከዚያች ረቡዕ ድረስ።

ሁሉን የምትጠይቅ ሴት በገዛ ቤቷ መልስ ካጣች ግን ሁለት ወር አለፋት። የወንድሟ ልጅ የመጣችው ካቻምና፣ ወንዙ ሰብሮ ሰፈራቸውን ጠራርጎ በወሰደ ጊዜ ነበር፤ አንድ ቦርሳና አንድ ቀይ የጥፍር ቀለም ይዛ። «ቤት ሲፈርስ የጥፍር ቀለም የሚያድን ሰው ዛሬ አየሁ» ብላ አክስቷ ስትስቅባት፣ «እጄ ላይ የነበረው እሱ ነው፣ ምን ላርግ!» ብላ አብራ ሳቀች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። የሚኖሩበት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ መሐሉ ላይ መጋረጃ ስለተሰቀለ ሁለት ይባላል። አንዷ ስትገላበጥ ሌላዋ ትሰማለች። ከውሃው የተረፉ ሁሉ ስማቸው በአንድ የእርዳታ ድርጅት መዝገብ ላይ ሰፍሯልና፣ ልጅቷ በየወሩ ካርዷን ይዛ ከድርጅቱ መጋዘን ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ታመጣለች። የቤት ኪራዩ ከተጨመረ ወዲህ ያ ዱቄት የወሩ ግማሽ ምግባቸው ነው። ታዲያ ከሁለት ወር በፊት ሄዳ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። ባለፈው ወር ጭራሽ ቀረች፤ «ከኔ የባሰባቸው ይውሰዱት» አለች። አክስቷ አንዴ ጠየቀች፣ ሁለቴ ጠየቀች፤ በሦስተኛው ልጅቷ መጋረጃውን ሳበችው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ውሃ መጥፋትና ስለ ጎረቤት ጫጫታ ይወራል እንጂ ስለ መጋዘኑ አይወራም። ነገሩ ሆድ ይፍጀው ሆነ።

ልጅቷ ጠዋት ያነሳችው ሳጥን ያለው እዚያው መጋዘን ግቢ ነው። ከአራት ወር በፊት ከድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት የመጣች፣ ጫማዋ ዝቅ ያለ፣ ንግግሯ ቀጥ ያለ ሴት ከእትዬ ቁልፍ ጓጉንቸር ገዝታ ነበር። «ለምንድን ነው?» አለቻት እትዬ ቁልፍ፣ ልማዷ ነውና። «ለአቤቱታ ሳጥን። እርዳታ ሊሰጥ ተቀምጦ ሌላ ነገር የሚጠይቅ ሠራተኛ ካለ፣ ሰዎች ጽፈው የሚያስገቡበት።» «ሌላ ነገር ስትዪ?» ሴትዮዋ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «ገንዘብም ይሁን፣ የሴት ልጅ ገላም ይሁን» አለች። እትዬ ቁልፍ ይህ ነገር ሳይሸፋፈን በአደባባይ ሲነገር ሰምታ አታውቅም ነበርና ሴትዮዋን ወደደቻት። በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጣች ሳጥኑን ራሷ ስለምትከፍት ሰዉ «የሐሙሷ» ይላታል። ጓጉንቸሩ ሁለት ቁልፍ ነበረው። አንዱን የሐሙሷ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች፤ ሁለተኛው፣ የመሥሪያ ቤቷ ደንብ ነውና፣ በፖስታ ታሽጎ በመጋዘን ኃላፊው ቁም ሣጥን እንዲቀመጥ ተደረገ። ከሌላ ቁልፍ እንዳይምታቱ እትዬ ቁልፍ በሁለቱም ራስ ላይ ቀይ ነጥብ አደረገችባቸው፤ ያን ቀን የልጅቷን የጥፍር ቀለም ኪሷ ውስጥ ይዛ ወጥታ ነበር። ማታ «ጠርሙሱን አሟጠሽ መለስሽልኝ!» ተብላ በልጅቷ ተወቅሳለች። ሌላ ቀለም አልተገዛም።

እንግዲህ ረቡዕ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የመጋዘኑ ዘበኛ መጣ። ሬዲዮውን ከጆሮው የማያነሳ ደግ ሽማግሌ ነው። አንዲት ትንሽ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ፣ «ይቺን አንድ ቅረጪልኝ፤ ሚዛኑ ቶሎ በል ብሎኛል» አለ። ሚዛኑ የሚሉት የመጋዘን ኃላፊውን ነው፤ ዱቄት ሲመዘን ጣቱን ሚዛኑ ላይ ስለሚያሳርፍ የወጣለት ስም ነው፤ ፊት ለፊት ግን ማንም ጋሼ ሳይል አያልፈውም። «የምን ናት?» አለች እትዬ ቁልፍ። «የሻይ ዕቃ ቁም ሣጥን ናት አለኝ።» መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች፣ ዘበኛው ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያወራ እሷም ስለ ጉልበቷ እያወራች፣ ቁልፏን ማሽኑ ላይ አሰረች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፣ ዓይኗን አይጠብቅም። ማሽኑ ጮኸ፣ የናሱ ብናኝ ቦነነ፣ አለቀ። ሞረድ አሳርፋባቸው ሁለቱን ቁልፎች አስረከበች። ዘበኛው መርቋት ሄደ። የዕለቱ የመጀመሪያ ሥራዋ ነበርና ደስ አላት።

ብሩሽ አንስታ ማሽኑን ስትጠርግ ነው ያየችው። ከቢጫው ብናኝ መሐል አንዲት ቀይ ቅንጣት። መነጽሯን አወረደች፤ ቅንጣቷን በጣቷ ጫፍ አንስታ ወደ ብርሃን ያዘቻት። ዝገት እንዳትላት ዝገት ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ይቺ በጥፍሯ ስትጫናት ታጠፈች። ቀለም ናት። ሰው ፍቆት ፍቆት፣ ከቁልፉ ራስ ጠርዝ ላይ ያመለጠችው የጥፍር ቀለም። በዚህ ከተማ በጥፍር ቀለም ምልክት የተደረገባቸው ቁልፎች ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የሐሙሷ አንገት ላይ ነው።

መጀመሪያ የመጣባት ፍርሃት አልነበረም፤ ያው አመሏ፣ ጥያቄ ነበር። የሻይ ዕቃ ቁም ሣጥን ጓጉንቸር አለው እንዴ? ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው ለምን ያባዛዋል? ዋናውን ፖስታው ውስጥ መልሶ ሊያሽገው ነው። ቀለሙን ለምን ፋቀው? እኔ እንዳላውቃት። ለምንስ ዛሬ? ነገ ሐሙስ ነዋ! ጥያቄው አንዱ አንዱን እየጎተተ ሄዶ ሄዶ፣ ጠዋት አንድ ብርድ ልብስ ሦስት ጊዜ ያጠፈች ልጅ ዘንድ ደረሰ። ትናንት አመሻሽ ላይ ከመጋረጃው ወዲያ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲሮጥ ሰምታ ነበር። ልጅቷ አንድ ገጽ ጽፋ ትተዋለች፣ ሌላ ትጀምራለች፣ ደግሞ ሌላ። ከዚያ «ትንሽ ልንሸራሸር» ብላ ወጣች። እትዬ ቁልፍ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ጽፋለች። አስገብታለች። አስገብታም አላመነችምና ጠየቀችኝ። እኔም የሚከፍተው ሌባ አልተወለደም አልኳት፤ ብያት መጣሁና በገዛ እጄ ወለድኩት! አፈረች። ከማፈሯም በላይ ተቃጠለች፤ ያ ሰውዬ የልጅቷን ወረቀት ሲገልጥ፣ የእጅ ጽሑፏን ሲያይ ታያት።

ለሐሙሷ ልትደውል አሰበች፤ ቁጥሯን ግን አታውቅም። ብታውቅስ ምን ልትላት ነው? «ቁልፍሽን አባዛሁት» ብላ በአደባባይ ያመነች ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ማን ቁልፉን ይዞ ይመጣል? አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠችበት ወንበር የቆመው በሰው አመኔታ ላይ ነው። ይህን ሁሉ እያሰበች እጇ ግን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። የዘይት ጠርሙስ፣ ፒንሳ፣ ሞረድ፣ ገና ያልተቀረጸ፣ ጥርስ ያልወጣለት አንድ ትንሽ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ከተተች። ማሽኑን ሸፍና «መጣሁ» ብላ ለፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ አደራ ሰጥታ ወጣች።

መጋዘኑ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ሠራተኛው ምሳ ወጥቷል፣ በር ላይ ዘበኛው ብቻ ነው። ሚዛኑ ስብሰባ ሄዷል፣ ዘጠኝ ሰዓት ይመለሳል። «ቁልፏን ሰጡት?» አለችው። «እንዴታ! መኪናው ውስጥ ሆኖ ተቀበለኝ።» «ለመሆኑ አባባ፣ የሻይ ዕቃችሁ ቁም ሣጥን ጓጉንቸር አለው?» ዘበኛው ሬዲዮውን ዝቅ አደረገ። «መጋረጃ ነው ያለው» አለ ቀስ ብሎ። ሁለቱም ወደ ሳጥኑ ዞሩ።

ሳጥኑ የተሰቀለው ከሚዛኑ ቢሮ መስኮት አንድ እርምጃ ላይ ነው። ወረቀት የሚያስገባ ሰው ሁሉ በሰውየው ዓይን ሥር ያልፋል። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይሄ ነው እንግዲህ። ከሳጥኑ ሥር «እርዳታ ነጻ ነው፤ ማንም በምላሹ ምንም ሊጠይቅዎ አይችልም» የሚል ትልቅ ጽሑፍና ስልክ ቁጥር ተለጥፏል፤ የቁጥሩን መጨረሻ ግን የሳሙና እደላ ማስታወቂያ ሸፍኖታል፤ ድንገት የተለጠፈ አይመስልም። እትዬ ቁልፍ ማወቅ አማራትና ሳጥኑን በጣቷ አንኳኳችው። ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል፣ ይሄ ግን ድም አለ። ደግማ አንኳኳች። አንድ ወረቀት ያለበት ሳጥን እንዲህ አይልም። «ሰሞኑን ሴቶቹ እየመጡ እዚህ ጋ ይቆማሉ» አለ ዘበኛው፣ መሬት መሬት እያየ። «ሦስት አራት ወር ሙሉ የሐሙሷ ባዶውን ከፍታ ባዶውን ነበር የምትዘጋው። አሁን... እሱም አይቷል መሰለኝ።»

ጓጉንቸሩን በአንዲት ቀጭን ሽቦ ዓይን ሳይርገበገብ ልትከፍተው ትችላለች። የልጅቷን ወረቀት አውጥታ ኪሷ ልትከት ትችላለች። ዳዳትም። ግን የሌሎቹስ? የማን እንደሆነ እየገለጠች ልታነብ ነው? ደግሞስ ባለቤቱ በሌለበት! ጥርስ ያልወጣላትን ቁልፍ አወጣች፣ ቀዳዳው ውስጥ ገፍታ ከተተቻት፣ በፒንሳው ይዛ ጠመዘዘች። ቁልፏ ተሰበረች። የቀረውን ስብራት በሞረዷ ጫፍ መታ መታ አድርጋ ወደ ውስጥ ሰደደችው፤ ከእንግዲህ የትኛውም ቁልፍ አይገባበትም። ዘበኛው በዚህ መሐል የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነበር፤ ለምን ብላ አልጠየቀችውም። በሕይወቷ ጓጉንቸር ስታበላሽ የመጀመሪያዋ ነው፤ እንደ ሌባ ዞር ዞር ብላ አየች። ከመሄዷ በፊት የሳሙናውን ማስታወቂያ ጠርዝ በጥፍሯ ላጠችና ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጻፈች። ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ሁለት የቁም ሣጥን ቁልፍና አንድ የበር ቁልፍ ቀረጸች፤ የማንንም ታሪክ አልጠየቀችም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲል ዘበኛው እያለከለከ መጣ። «ይጠራሻል።»

ግቢው ውስጥ ሳሙና የሚጠብቁ ሴቶች ተሰልፈዋል። ሚዛኑ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ላይ ላብ አለ፣ ድምፁ ግን ማር ነው። «እትዬ፣ ይሄ ጓጉንቸር ተበላሽቷል። ነገ ሕዝቡ እንዳይጉላላ ዛሬውኑ ክፈቺልኝ፤ ሌላ ደግሞ ካንቺው እንገዛለን።»

«መበላሸቱን በምን አወቁ?» አለች እትዬ ቁልፍ። ተንኮል አልነበረውም አጠያየቋ፤ ልማዷ ነው ያመጣባት። «ሞከሩት እንዴ?»

ሰልፉ ላይ ይወራ የነበረው ወሬ ቆመ። ሚዛኑ ወደ ሴቶቹ አየ፣ ወደ ዘበኛው አየ። «ዘበኛው ነው ያየው» አለ። ዘበኛው ሬዲዮውን ዘጋ። «እኔ ቁልፍ የለኝም ጋሼ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። በዚያ ግቢ ስምንት ዓመት ሲሠራ ለሰውየው እንዲህ መልሶለት አያውቅም።

ሚዛኑ ጠጋ አላት። «የወንድምሽ ልጅ እኛው ጋ ናት አይደል?» አለ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ጥሩ ልጅ ናት። በዚህ ሳምንት ካርድ እናድሳለን። መቼም የሰው ሥራ ነው፣ ስም አንዳንዴ ይዘለላል።» እትዬ ቁልፍ ፈራች። የወሩ ግማሽ ምግብ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ግን ሰውየው «ጥሩ ልጅ ናት» ሲል አፉ አካባቢ ያየችው ነገር ለሁለት ወር ስትጠይቀው የነበረውን ሁሉ መለሰላት። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ የት እንደገባ እንጃ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ እኛን ንቆ ነው፣ አለች በልቧ። ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ባለቤቱ በሌለበት ጓጉንቸር አልከፍትም!» አለች።

«የዚህ ግቢ ኃላፊ እኔ ነኝ።»

«የግቢው ነዎት። ሳጥኑ የእነሱ ነው» አለችና በአገጯ ወደ ሰልፉ አመለከተች።

ማንም አልጮኸም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ብቻ ከሰልፉ ወጥታ፣ ቀስ ብላ መጥታ ሳጥኑ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። «ፀሐዩ በረታብኝ» አለች። ፀሐዩ ግን እሷ የተቀመጠችበት ላይ ነበር። ሁለተኛዋ ተከተለች፣ ከዚያ ሌሎቹ፤ ሰልፉ እንዳለ ቦታ ለወጠና በሳጥኑና በሰውየው መሐል ሆነ። ሚዛኑ ቢሮው ገብቶ መስኮቱን ዘጋ።

እትዬ ቁልፍ ወደ ሰፈሯ ተመልሳ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ መዳፏን እያየች ደወለች። «እህቴ፣ ጓጉንቸሩን የሸጥኩልሽ ነኝ» አለች። የሐሙሷ አወቀቻት። «ዛሬ ጠዋት የሳጥኑን ቁልፍ አባዝቻለሁ። ሳላውቅ ነው፤ ቢሆንም እጁ የኔ ነው።» ፎቶ ኮፒ የምታደርገው ልጅ ማሽኗን አቁማ አፍጥጣባታለች፤ እስከ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ይስማ። «ተከፍቷል?» አለች የሐሙሷ። «አልተከፈተም። ቁልፍ ሰብሬበታለሁ፤ አይከፈትምም።» የሐሙሷ በረጅሙ ተነፈሰች። «ነገን አልጠብቅም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፣ ብቻዬንም አይደለሁም። የብረት መጋዝ ይዘሽ ጠብቂኝ። እነማን እንደጻፉ ለማንም እንዳትናገሪ።» «አላውቃቸውም እኮ።» «ጥሩ። ያን ፖስታ እሱ ቁም ሣጥን ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም» አለችና ዘጋችው።

የብረት መጋዙ ቤት ነበር፣ ከአልጋው ሥር። ልጅቷ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ መጋረጃው ተገልጧል። እትዬ ቁልፍ ቆማ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ሁሉንም ነገረቻት። የቀረጸችውን፣ ቀይዋን ቅንጣት፣ የሰበረችውን፣ የደወለችውን። «ጠዋት የነገርኩሽ ውሸት ሆነ። ይቅር በይኝ» አለች፤ እንባዋ መጣ። ልጅቷ ጥፍሮቿን አየች። ጥያቄው እትዬ ቁልፍ ጉሮሮ ላይ ነበር፤ መቼ፣ የት፣ ምን አለሽ፣ ምን አደረገሽ። አሥራ አንድ ዓመት ማንንም ሳትጠይቅ አላለፈችም። ዋጠችው። ጎንበስ ብላ መጋዙን ከአልጋው ሥር አወጣች።

«አሥራ አራት ነን» አለች ልጅቷ።

እትዬ ቁልፍ መጋዙን ይዛ ቀና አለች።

«ትናንት ስጽፍ የሰማሽኝ የሌሎቹን ሴቶች ነው። መጻፍ አንችልም አሉ፤ የሚችሉትም እጃቸው ተንቀጠቀጠ። እየመጡ ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩላቸው። የኔ የመጨረሻዋ ናት። አጭር ናት።»

አጭሯ ወረቀት ምን እንደምትል አክስቷ አልጠየቀችም። ልጅቷ ተነሳች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ መጋዙን ከአክስቷ እጅ ወሰደች። ጥርሱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«እኔ ልቁረጠው?»

«ሰው ያይሻል» አለች እትዬ ቁልፍ።

«ይየኝ።»

እትዬ ቁልፍ በሩን ከፈተችላት። «እንግዲያማ ባለቤቱ ከመጣች» አለች፣ «ማን ይከለክላታል።»